ለፈረስ ማህደር የከፈቱት አቶ ዘለቀ

አቶ ዘለቀ ማረፋቸውን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ሙና ናት። ኤረር በር ገበያ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ስልኬ ጠራ።

«ጸዱ፣ ጋሽ ዘለቀ አረፉ። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«እሺ» አልኳት።

«እሺ ብቻ? አታለቅሺም እንዴ?»

«ሽንኩርት እየመረጥኩ ነው።»

«ወላሂ አንቺ ሰው አይደለሽም» ብላ ዘጋችው።

ቀብር ሄጃለሁ። ቀረች እንዳይባል ነው የሄድኩት። የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፤ የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ ተመድበው ሐረር የመጡበት፣ «ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ተግባቢና ተወዳጅ ነበሩ» የሚለው ሁሉ አለበት። ስለ ፈረሶቹ አንድ ቃል የለም። ስለ እኔም የለም። የሞተ ሰው ክፉ አይወራበትም ይላሉ፤ እኔም ክፉ አላወራም፣ የሆነውን ነው የማወራው። የሆነው ክፉ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

አቶ ዘለቀ በመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። ከጎንደር በኩል ተመድበው መጥተው፣ አቦከር ሰፈር ቤት ተከራይተው፣ «ዝውውር እስካገኝ ነው» እያሉ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ። ሁሉም «ጋሽ ዘለቀ» ይላቸው ነበር። እኔ «አቶ ዘለቀ» ነው የምላቸው። ጋሽ የሚባለው ለታላቅ ወንድም ነው፤ ወንድም አለኝ፣ ያለኝም ይበቃኛል።

ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ በጋዜጣ የተጠቀለለ የባቢሌ ለውዝ አለ። ነገር ሲያስቡ አንዷን ለውዝ በሁለት ጣታቸው ያሻሉ፣ ያሻሉ፣ ከዚያ ገለባውን እፍ ይሉታል። የት እንደሚያርፍ ግድ የላቸውም። ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ስለ ፈረስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እንዲያውም ይፈሩ ነበር። ጋሪ ከሩቅ ካዩ መንገድ ይሻገራሉ። የከተማችን ፈረስ መጋላ የስሟ ትርጉም የፈረስ ገበያ ነው ቢባልም በእኛ ጊዜ ከባጃጅና ከታክሲ በቀር የሚጋልብ ነገር አይገኝባትም፤ ያም ለእሳቸው ተስማምቷቸው ነበር።

ታዲያ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ለመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያው ኮምፒውተር መጣ። ታይፒስቷ እኔ ነኝና ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። የንብረት ክፍሏ ሙና ድሬዳዋ ኮምፒውተር የሚጠግን ዘመድ ነበራት፤ ከእሱ አንድ ሲዲ ይዛ መጣች። የፈረስ እሽቅድምድም ጨዋታ ነው። ሰው ከገበያ ውርንጭላ ይገዛል፣ ያሠለጥናል፣ ውድድር ያስገባል፤ ካሸነፈ ዋጋው ይጨምራል፣ ካልሆነ ይሸጣል። ብሩ የጨዋታ ብር ነው፤ ቁጣው ግን የእውነት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላው ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔና ሙና በር ዘግተን እንጫወታለን።

ከእያንዳንዱ ፈረስ ስም ጎን ኮከብ አለ፣ ከኮከቡ ጎን ዋጋ። እኛ ኮከብ እየቆጠርን እንገዛለን። አንድ ቀን አቶ ዘለቀ ደብዳቤ ሊያስጽፉ ገብተው ከኋላችን ቆሙ። ለውዝ ሲያሹ ሰማሁ።

«ኮከቡን የሰጠው ማን ነው?» አሉ።

«ጨዋታው ነዋ፣ ጋሽ ዘለቀ» አለች ሙና።

«ባለፈው ላሸነፈው ነው ወይስ ወደፊት ለሚያሸንፈው?»

«እንጃ። ላሸነፈው ይመስለኛል።»

«እንግዲያ ኮከብ ማለት የምስጋና ደብዳቤ ነው። በምስጋና ደብዳቤ ሰው ይቀጠራል?» አሉና ገለባውን እፍ አሉት። ደብዳቤውን ሳያስጽፉ ወጡ።

በማግስቱ ወንበር ይዘው መጡ። ሙና እንግሊዝኛውን ታነባለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። እኛ አይተን የማናውቀውን ነገር አገኙ፤ የፈረሱን ስም ሲጫኑት ያለፉት ውድድሮቹ በደቃቅ ፊደል ይዘረዘራሉ። ርቀቱ ስንት ነበር፣ መሬቱ ደረቅ ነበር ወይስ ጭቃ፣ አብረውት የሮጡት እነማን ናቸው፣ ስንት ቀን አርፎ ነበር፣ ስንት ኪሎ ተሸክሞ ነበር። ውድድሩ እንዲመጣጠን ጠንካራ ለተባለው ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ይጫንበታል፤ እኛ ይህን አናውቅም። አቶ ዘለቀ ይህን ሁሉ የሚጽፉበት ወረቀት አጡና ቢሯቸው ሄደው ያለውን አመጡ፦ የሠራተኛ የግል ማህደርና የሠራተኛ መረጃ ቅጽ።

እንግዲህ እንዲህ ነው የተጀመረው። ለእያንዳንዱ ፈረስ ማህደር ተከፈተለት። ስም፤ «ለማህደር የሚመች ስም ስጧቸው» ስላሉ ፈረሶቻችን ሁሉ የሰው ስም ያዙ። የአባት ስም፤ ጨዋታው የወለደውንም ፈረስ ያሳያልና ይህም ተሞላ። የሥራ መደብ፤ ሯጭ። የትምህርት ደረጃ፤ የለም። ቅጹ ላይ የክብደት ቦታ ስላልነበረ በቀኝ በኩል በቀይ እስክሪብቶ አንድ አምድ አሰመሩበትና «የተሸከመው» ብለው ጻፉ። የማህደሮቹን ርዕስ በታይፕ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

ፈረስ ዋጋው ስንት እንደሆነ ስንጠይቃቸው ማህደሩን ያገላብጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ማንን አሸንፎ?»

እኔ ብርቅነሽ የምትባል ግራጫ ፈረስ ነበረችኝ። አምስት ጊዜ ተከታትላ አሸንፋለች፤ ኮከቧ ሞልቷል፤ በገበያው ከእሷ በላይ ዋጋ ያለው አልነበረም። አቶ ዘለቀ ማህደሯን ዘጉና «ሽጫት» አሉኝ።

«ለምን?»

«አምስቱም ጊዜ አጭር ርቀት፣ ደረቅ መሬት፣ ቀላል ሸክም ነው። የረታቻቸውን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ከመካከላቸው ሌላ ቦታ ያሸነፈ የለም። ዛሬ የሚገዛሽ ሞኝ አለ፤ ነገ አይኖርም።»

«ያሸነፈ ያሸነፈ ነው።»

«ማንን አሸንፎ?»

እሳቸው የዚያኑ ቀን አስናቀ ደምሴ የሚባል ፈረስ በብርቅነሽ ዋጋ አንድ አሥረኛ ገዙ። ሦስት ጊዜ ሮጦ ሦስቱንም ጊዜ አራተኛ የወጣ ነው። ሙና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አቦ ጋሽ ዘለቀ፣ አራተኛ ለሚወጣ ማን ይከፍላል?»

«በጭቃ ነው አራተኛ የወጣው። ስድሳ ኪሎ ተሸክሞ። አንደኛ የወጣው ሃምሳ ሁለት ነው የያዘው» አሉ። «ስምንት ኪሎ አስበልጦ ተሸክሞ በጭቃ አራተኛ የወጣ፣ ሸክሙ ሲወርድለት እናያለን።»

በሳምንቱ ረጅሙ ውድድር ላይ ሁለቱንም አስገባናቸው። ብርቅነሽ እስከ ግማሹ ድረስ ማንንም ወደ ኋላ ሳታይ መራች። ከዚያ አንድ አለፋት። ሁለት አለፏት። ስድስተኛ ወጣች። አስናቀ አንደኛ ሆነ። ሙና ጠረጴዛዬን ደበደበች። አቶ ዘለቀ ቢኩራሩብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን አጽናኑኝ። «በአጭር ርቀት ጥሩ ናት» አሉኝ። ማጽናናታቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጨዋታ ነው ብሎ ይተወው ነበር። ግን እውነት ለመናገር የዚያ ዓመት ምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ዘመኔ ሁሉ ያሳቀኝ ነው፤ ይህንንም ቢሆን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ጨዋታው ያበቃው በአጥኚዎች ነው። የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው ሊጀመር ሲል ከበላይ መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን ማህደር የሚቆጥሩ ሁለት ሰዎች መጡ። የፈረሶቹ ማህደሮች ከሠራተኞች ማህደር ጋር በአንድ ካቢኔት፣ በፊደል ተራ ተደርድረው ነበር፤ አቶ ዘለቀ ማህደር ከፊደል ተራው ወጥቶ ማየት አይችሉም። ሰዎቹ ቆጠሩ፣ ደጋግመው ቆጠሩ፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊያችን ዘንድ ገቡ። ሁላችንም ተጠራን።

«መሥሪያ ቤታችሁ የስፖርት ቡድን አለው?» አለ አንደኛው።

«የለውም» አለ ኃላፊያችን።

«እንግዲያ እነዚህ አሥራ አንድ ሯጮች በምን በጀት ነው የተቀጠሩት? የትምህርት ማስረጃ የላቸውም፤ የደሞዝ መዝገብ ላይ የሉም። ኪሏቸው ብቻ በየጊዜው ተመዝግቧል። ለምሳሌ አስናቀ ደምሴ አሁን የት ነው ያለው?»

አቶ ዘለቀ እንደ ወትሯቸው ረጋ ብለው መለሱ። «እረፍት ላይ ነው።»

«የዓመት እረፍት ቅጽ ሞልቷል?»

«ሦስት ሳምንት ሰጥቼዋለሁ። ጭቃ ላይ ሮጦ ደክሞ ነበር።»

ሙና የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ኃላፊያችን ነገሩ ሲገባው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ጨዋታው የዚያኑ ቀን ከኮምፒውተሩ ተሰረዘ፤ አቶ ዘለቀ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲቀበሉኝ አነበቡት፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ አሳረሙኝ፣ በመብሻው በስተው የገዛ ማህደራቸው ውስጥ አያይዘው የገጽ ቁጥር ሰጡት። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበሩ። ሰዉ ይህን ሲሰማ «እንዴት ያለ ቅን ሰው» ይላል። ቅንነታቸው ወደ እኔ ሲዞር ምን እንደሚመስል ግን የማውቀው እኔ ነኝ።

አዲሱ መዋቅር መጣ። ታይፒስት የሚባል መደብ የለበትም። ሁሉም በየራሱ ኮምፒውተር ይጽፋል ተባለ፤ ግማሹ ማብራቱን አያውቅም። አዲስ ምደባ ያላገኘ ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» ይባላል። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ከተማ ተንሳፋፊ መባል ምን እንደሆነ አስቡት። ተንሳፋፊ የሆነ ሰው ጥቂት ወራት ወንበር ላይ ይቀመጥና ከዚያ «መሥሪያ ቤቱን ስላገለገልሽ እናመሰግናለን» ይባላል። ስለ ቤቴ እዚህ አልጽፍም። ደሞዜን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ይበቃል።

ለእኔ የሚሆን አንድ መደብ ነበረ፦ የመዝገብ ቤት ኃላፊ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጡረታ ስትወጣ ሰው አልተተካም፤ «ጸዳለ ለጊዜው ትያዘው» ተብሎ ቁልፉ ተሰጠኝ። ለጊዜው የተባለው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ጠዋት እጽፋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፤ አንዳንዴ ሁለቱንም በአንድ እጅ። ደሞዙ የታይፒስት ነው። ስለዚህ መደቡ የእኔ መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

ምደባው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜን ከላይ ጀምሬ ፈለግሁት። ያገኘሁት ከታች ነው፤ ከተንሳፋፊዎቹ ውስጥ። ዝርዝሩ የአቶ ዘለቀ ፊርማ አለበት፤ የመዳቢ ኮሚቴው ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ። ኃላፊያችን ሰብሳቢ፣ ሙና የሠራተኛ ተወካይ። ሙናን ንብረት ክፍል ድረስ ተከትያት ገባሁ።

«ምን ተባለ?»

«አቦ ተይኝ ጸዱ፣ የኮሚቴ ምስጢር ነው።»

«ሙና።»

«በቃ እሺ። ጋሽ ዘለቀ ማህደርሽን አነበቡ። ጥሩ ነገር ነው ያሉት እኮ። ‹ወይዘሪት ጸዳለ በአጭር ርቀት ጥሩ ናት። መዝገብ ቤት ግን ረጅም ርቀት ነው፤ አልተፈተነችም› አሉ።» ይህን ስትል ትንሽ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋ ቆመ።

በአምስት ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። በሁለተኛው ቀን አቀረብኩ። በአምስተኛው ኮሚቴው ጠራኝ። ሦስቱም ረጅሙን ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። «ማስረጃ አለሽ?» አለ ኃላፊያችን። «አለኝ፤ ይጠብቁኝ» ብዬ ወጣሁ።

ማስረጃው የዘጠኝ ዓመት መዝገብ ነው። ትልልቁ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ሦስቱን ባንድ ላይ ያነሳ ሰው ወገቡን የሚይዘው። አንድ እቅፍ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ተመለስኩ። ሁለተኛ አመጣሁ። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ሦስተኛውን ይዤ ስገባ አቶ ዘለቀ ብድግ አሉ።

«ላግዝሽ።»

«ይቀመጡ» አልኳቸው።

አራተኛውን ካስቀመጥኩ በኋላ ጠረጴዛው ሞላ፤ ኃላፊያችን ከመዝገቦቹ በላይ ግንባሩ ብቻ ነበር የሚታየው።

«ይህ ሁሉ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው» አልኩ። «ታይፕ እያደረግኩ ነው የጻፍኩት። አቶ ዘለቀ፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው። ማህደሬ ላይ ምን አዩ?»

«የታይፒስት ቅጥር። የደረጃ ዕድገት ሁለት። መዝገብ ቤት እንድትሠሪ የተጻፈ ደብዳቤ የለም።»

«በቃል ነው የታዘዝኩት። ቢሮዎ ግን ከመዝገብ ቤቱ ጎን ነው። ደብዳቤዎን ዘጠኝ ዓመት በእጅዎ የሰጠዎት ማን ነው?»

ለውዝ ከኪሳቸው አወጡ። አሹት፣ ግን እፍ አላሉም።

«ቅጹ ላይ የሸክም ቦታ የለም» አሉ በመጨረሻ።

«ለፈረስ ግን ከራስዎ አምድ አስምረዋል።»

ሙና አንገቷን ደፋች። ኃላፊያችን የተባለው አልገባውም፤ አቶ ዘለቀ ግን ገባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ የመጀመሪያውን መዝገብ ከፈቱ። አንድ ገጽ አላለፉም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው አነበቡ። ቆምኩ። ሁለተኛውን ከፈቱ። ኃላፊያችን «ጋሽ ዘለቀ፣ ጊዜ» ሲላቸው በእጃቸው ዝም አሰኙት። ሦስተኛውን ሲዘጉ ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሳቸው ሳቡና ጻፉ፣ የጻፉትንም ጮክ ብለው አነበቡ። «ምዘናው አመልካቿ የተሸከመችውን ሥራ አላየም። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«‹የኮሚቴው ነው› ይበሉት» አለ ኃላፊያችን።

«ኮሚቴው አልጻፈም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይህ ለእርስዎም ጥሩ አይደለም። የእርስዎ ምደባ ገና አልጸደቀም።»

«አውቃለሁ» አሉና ፈረሙ።

መደቡ ተሰጠኝ። የእሳቸው ምደባ ሲጸድቅ የሰው ኃይል ኃላፊነቱ ለሌላ ሄደ፤ እሳቸው ጡረታቸው እስኪደርስ መዝገብ ቤት፣ በእኔ ሥር ሆኑ። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ውለታቸውን አትርሺ» ይለኝ ጀመር። ምን ውለታ? የወረወረውን ድንጋይ መልሶ ያነሳ ሰው ውለታ ዋለ አይባልም። ቢባልም በእኔ አፍ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከእኔ ቀድመው ገብተው ጠበቁኝ። እስከዚያ ቀን አንቺ ይሉኝ ነበር፤ የዚያን ቀን «ደህና አደሩ፣ ወይዘሪት ጸዳለ» አሉኝ። በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጡኛል። አንቺ ይበሉኝ አላልኳቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዎ ተባባልን፤ ሙና በመጣች ቁጥር «ኤምባሲ ገባሁ እንዴ?» ትላለች።

ሥራቸው እንከን አልነበረውም። ያበላሹት ፊደል ተራ፣ የጠፋ ደብዳቤ፣ የዘገየ ቀን የለም። ለውዙን ግን ከበር ውጭ ቆመው ይበሉ ጀመር። ይህን እንኳ አላዘዝኳቸውም።

የመጨረሻውን የሥራ አፈጻጸም ምዘናቸውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከመቶ ዘጠና ስምንት ሰጠኋቸው። ቅጹን ወስደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ሁለቱ የት ሄዱ?» አሉ።

«ቅሬታ ካለዎት በአምስት ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላሉ።»

«ቅሬታ አይደለም። ለማወቅ ነው።» አሰቡ። «አንዱ ስምዎን ሰሌዳ ላይ ያወጣሁበት ነው።»

«ነው።»

«ሌላውስ?»

«መዝገቡን ስሸከም የተነሱት በሦስተኛው ነው» አልኳቸው። «በመጀመሪያው መነሳት ነበረብዎ።»

ቅጹን መልሰው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝና «የሠራተኛው አስተያየት» በሚለው ቦታ ላይ «ተገቢ ነው» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ቀን አደረጉበት፤ ራሳቸው በስተው ማህደራቸው ውስጥ አስገቡት። በወሩ ጡረታ ወጡ።

ዛሬ ያ ቅጽ እጄ ቢገባ አንዱን ነጥብ እመልስላቸዋለሁ። የሰሌዳውን፤ እሱን ራሳቸው በጽሑፍ አርመውታልና። ሁለተኛውን አልመልስም።